የዲያማንቶ አሳማ

የክሪዮቭሪሲ መንደር ወንዶች ቲሞሌዎንን «የድቧ ባል» ይሉታል። ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊቱ፣ ቡና ቤት ገብቶ ኮፍያውን ከማውለቁ በፊት ነው የሚሉት። ሚስቱ ዲያማንቶ በሕይወት ሳለችም ምንጭ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ «ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። እሷም ቀና ሳትል «ደህና ናት፤ እሷ እቴ፣ ካልሲ እጠቢልኝ የሚላት የለ» ትላለች። ዲያማንቶ እንዲህ ነበረች፤ ለቀልድ መልስ አታጣም።

ድቧ ማን እንደሆነች በግሪክ አገር በአርካዲያ ተራሮች ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በጥንት ጊዜ በዚያ ደን ውስጥ የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች። ከአማልክቱ አንዱ ወደዳት፤ ከአማልክቱ አንዷ ደግሞ ቀናችባትና ድብ አደረገቻት። ልጅቷ ድብ ሆና ወንድ ልጅ ወለደች። የዚያ አገር ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያ ልጅ ነው። ድቧ ስትሞት አንድ ጉብታ ላይ ቀብረው ቤተ መቅደስ ሠርተውላታል ይባላል፤ ጉብታው የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሌላው ሰው ተረቱን በልጅነቱ ሰምቶ ሲያድግ ይረሳዋል። ቲሞሌዎን ያልረሳው እልህ ስለያዘው ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ዕቃውን በሁለት በቅሎ ጭኖ መንደሩ መጣ። ሁለት ቀን ቡና ቤት ተቀምጦ ወንዶቹን ስለ ድቧ ጠየቀ፣ ወይን ጠጅ ጋበዛቸው፣ ሄደ። ከዓመታት በኋላ የመንደሩ አስተማሪ ያ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ከከተማ አምጥቶ አንዱን መስመር ተረጎመላቸው፦ «ክሪዮቭሪሲ። ውኃው ጥሩ ነው። ሌላ ምንም የለም።» ሰዎቹ ሳቁ። ውኃው እውነትም ጥሩ ነበር። «ምንም የለም» የሚለው ቃል ግን ቲሞሌዎን ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። የገዛ አገሩ በአንድ መስመር ምንም ሲባል ዝም ብሎ የሚሰማ ምን ዓይነት ሰው ነው?

አድጎ የማሳ ጠባቂ ሆነ። ፊሽካና ባለ ነሐስ ምልክት ኮፍያ ሰጡት፤ የማን ፍየል የማንን ወይን እንደበላች አይቶ ቅጣት መጻፍ ሥራው ነበር። መንግሥት እየከፈለው ተራራውን ሁሉ በእግሩ ዞረው። ድንጋይ የሚያውቀው እረኛ፣ ገበሬና አዳኝ ነው ብሎ ያምን ስለነበር እነሱን ሳይጠይቅ የቀረበት ቀን የለም። የተጠረበ ድንጋይ ያሳየው ሰው ያን ቀን ቅጣት ይቀርለታል። ይህን የሰሙ እረኞች ፍየላቸው ጎመን ውስጥ በገባች ቁጥር ድንጋይ ይዘውለት ይመጡ ጀመር። የቡና ቤቱ ባለቤት ሊኩርጎስማ አንዱን ድንጋይ በጓሮው ቁጭ ብሎ በመሮ ፈልፍሎ «የድቧ እግር ነው» ብሎ ሰጠው። ቲሞሌዎን ሁለት ዓመት መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። እውነቱን የነገረው ራሱ ሊኩርጎስ ነው፤ በጾም መግቢያ ሞቅ ብሎት፣ ያውም በመንደሩ ሰው ፊት። እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዲያማንቶ ዳቦ፣ አይብና ወይራ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠዋለች። ማታ ጭቃ ለብሶ ሲመለስ «አገኘሃት?» ትለዋለች። «ገና ነኝ» ይላታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህ ጥያቄና መልስ አልተለወጠም። ልጅ አልወለዱም። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ድንጋዮቹን አውጥታ ገደል በከተተቻቸው ነበር፤ ዲያማንቶ አቧራቸውን ትጠርግላቸው ነበር። በከተማው ላለው የቅርስ ቢሮ የሚጽፈውን ደብዳቤም ከመላኩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላት እየፈተለች ታዳምጠዋለች። አሥራ አንድ ደብዳቤ ነው የጻፈው። ለመጨረሻው ብቻ መልስ መጣ፦ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ፣ ካልሆነም ትክክለኛ ሥዕሉን ከላከ ባለሙያ እንደሚልኩ ቃል ገቡለት። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር የጎደለው።

በዚያ መንደር ሴቶች ለገና የሚጋግሩትን ዳቦ ሳያስጌጡ ምድጃ አያስገቡም። የእረኛ ሚስት በሊጥ በግ ትሠራበታለች፤ የገበሬ ሚስት ሞፈርና ቀንበር። ዲያማንቶ ግን በየዓመቱ አንድ እንስሳ ትሠራ ነበር። ደንዳና ነው፤ ቂጡ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ደረቱ ላይም ትንሽ የሊጥ ድብልብል ነገር አለ። ቲሞሌዎን ገበታ ላይ ቀርቦ «ዘንድሮ ደግሞ አሳማሽ ወፈረች» ይላል። ዲያማንቶ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች፤ ከዚያ «ብላ እንግዲህ» ትለዋለች። እሱም ይበላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሠላሳ ስምንት ገና!

ዲያማንቶ በስድሳ ሦስት ዓመቷ በልብ ሕመም ሞተች። ቲሞሌዎን እሑድ እሑድ መውጣቱን አላቆመም፤ ስንቁን ግን ራሱ ይቋጥር ጀመር። አይቡን ሁልጊዜ ይረሳል።

የክሪዮቭሪሲ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጉብታ ላይ ናት። ጠባብ ስለሆነች ማንም ከአምስት ዓመት በላይ አይተኛባትም። አምስት ዓመቱ ሲሞላ መቃብሩ ይከፈታል፤ አጥንቱ ወጥቶ በወይን ጠጅ ይታጠብና ስሙ በተጻፈበት ሳጥን ወደ አጥንት ቤቱ ይገባል። ቦታው ለሚቀጥለው ሟች ይለቀቃል። ቆፍረው የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ወንድ የተከፈተ መቃብር ከረገጠ የሌሎቹ ሥጋ አፈር መሆኑ ይዘገያል ስለሚባል ወንዶቹና ቄሱ ከግንቡ ውጪ፣ ከፈረንጅ ጥዱ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ሲጠሯቸው ነው የሚገቡት። ቲሞሌዎን በሕይወቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ጥድ ሥር ቆሞ ጠብቋል፤ ስለ ድቧም እየተጫወተ።

የዲያማንቶ አምስት ዓመት በሞላ ጊዜ ግን መንደሩ ውስጥ ሴት አልቆ ነበር። ወጣቶቹ ወደ አቴና ወርደዋል። የቀሩት አሮጊቶች አንዷ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ አንዷ ዓይኗ አያይም። የዲያማንቶ ታላቅ እህት ጋሩፋሊያ ብቻ ናት የቆመችው፤ እሷም ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የሙታን ቅዳሜ ዋዜማ ቲሞሌዎን ቤቷ ሄደ።

«እኔ እቆፍራለሁ» አላት።

«አይሆንም።»

«ታዲያ ማን ይቆፍር? አንቺ ነሽ?»

«ከታችኛው መንደር ሴት አስመጣለሁ።»

«ሚስቴን ባዕድ ሴት አካፋ ይዛ ልታወጣት ነው? ጋሩፋሊያ፣ ምን ሆነሻል? ሥጋ ባይፈርስ በእኔ ይሁን።»

ጋሩፋሊያ ለሙታኑ ንፍሮ ስንዴዋን መልቀሟን ቀጠለች። የለቀመችውን መልሳ ትለቅማለች። በኋላ «እሺ። ግን ቁም ባልኩህ ጊዜ ትቆማለህ። አንዲት አካፋ አትጨምርም» አለችው። ቲሞሌዎን ሐዘን ነው ያስጨነቃት ብሎ እሺ አለ።

በማግስቱ ቄሱ አባ ሳራንዶስ ጥዱ ሥር ቀሩ። ጋሩፋሊያ ንፍሮውን በሳህን፣ ወይን ጠጁን በጠርሙስ ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ዲያማንቶ የተኛችው እናቷና አያቷ በየተራ በተኙበት ቦታ ነበር። ቲሞሌዎን በዝግታ ቆፈረ። አፈሩ ሲጠቁር ጋሩፋሊያ «ቁም» አለችና እሱን አስወጥታ በዚያ ዕድሜዋ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። አጥንቱን በእጇ እየለቀመች ለእሱ ታቀብለው ጀመር። የራስ ቅሉ በመጣ ጊዜ በነጭ መሐረብ ተቀበለው። ግንባሩን ሳመው። «ዲያማንቶዬ፣ ቀለልሽ» አለ።

ጋሩፋሊያ ሁሉንም አውጥታ ጨረሰች። «ይበቃል፤ ሳበኝ ልውጣ» አለችው።

«ቀለበቷስ?»

«ምን?»

«የጋብቻ ቀለበቷ። ከእጇ አላወለቅነውም። የቀኝ እጇ አጥንት እዚህ አለ፣ ቀለበቱ የለም።»

«ቀለበቱ ይቅር!» አለች ጋሩፋሊያ፤ ቶሎ ብላ፣ ጮክ ብላ።

ቲሞሌዎን ገርሞት አያት። ዕድሜ ልኩን ሲያውቃት ወርቅ ይቅር ስትል ሰምቶ አያውቅም። አውጥቷት እሱ ገባ። በጣቶቹ አፈሩን እያፈሰ ፈለገ። አንድ ስንዝር ያህል እንደወረደ ቀለበቱን አገኘው። ከቀለበቱ ሥር ጥፍሩ አንድ ለስላሳና ጠፍጣፋ ነገር ነካ።

የተጠረበ ድንጋይ እጅ ሲነካው ያስታውቃል። ቲሞሌዎን በሕይወቱ ሙሉ የነካው ያልተጠረበውን ስለሆነ ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቃል። በመዳፉ ጠረገው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከሌላ ድንጋይ ጋር ተጋጥሟል፤ ያም ከሌላ ጋር። በመካከሉ ላይ ቅርጽ አለ። መጀመሪያ ደንዳና ጀርባ ወጣ፤ ቀጥሎ ቂጡ ላይ የተቀመጠ የአውሬ ገላ፣ ወፍራም መዳፍ፤ ከመዳፉ ሥር ደረቱን ይዞ የሚጠባ ትንሽ ልጅ።

ስልሳ ዓመት የፈለጋትን አገኘ። ነገር ግን ወዲያው የመጣበት ሐሳብ ደስታ አልነበረም። ይህን እንስሳ ያውቀዋል። በልቶታል።

«አሳማዋ» አለ።

ጋሩፋሊያ ከላይ ሆና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «አሳማ ትላት ነበር አይደል? አፈር ይብላኝ። ነግራኛለች።»

«ታውቁ ነበር?»

«መቃብር የቆፈረች ሴት ሁሉ ታውቃለች። እናቴ አያቴን ስታወጣ ለእኔና ለዲያማንቶ አሳየችን። ‹አሮጊቷ እናት ናት፤ ሰላም በሏት፣ ከወይኑ ጠብ አድርጉላት፣ መልሳችሁ ሸፍኗት› አለችን። አባ እንዳይሰሙ ቀስ ብለህ ተናገር።»

«ያ ፈረንጅ...»

«ፈረንጁ ወንዶቹን ጠየቀ። አንተም ወንዶቹን ጠየቅክ። ሴት ምስጢር አትጠብቅም እያላችሁ ቡና ቤት ስትፎክሩ እኛ በዚህ በኩል በጉድጓድ ውስጥ ነበርን። የጠየቀን አለ?»

ቲሞሌዎን ከጉድጓዱ ቀና አለ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት! በዝናብ፣ በበረዶ ስንከራተት እያየችኝ! ‹አገኘሃት?› እያለች! ትስቅብኝ ነበር ማለት ነው?»

«አፍህን ያዝ!» ጋሩፋሊያ እውነትም ተቆጣች። «ታች ሰፈር ያለው ሰው ወይኑ ውስጥ ሁለት አምድ ቢገኝበት ጊዜ ምን ሆነ? የቢሮው ሰዎች በሽቦ አጠሩበት፣ ወይኑ ደረቀ፣ አምዶቹም ሣር ዋጣቸው። እዚህ ቢያጥሩ ሬሳችንን የት እናድርገው? ለዚህ ነው እናታችን እንዳንናገር ያስማለችን። ዲያማንቶ ካገባችህ በኋላ ሁለት ወር አለቀሰች። በኋላ አንድ ቀን እየሳቀች መጣች። ‹እትዬ፣ ያስማለችን አፋችንን ነው፤ እጃችንን ማንም አላስማለውም› አለችኝ። ያን ዓመት ነው ዳቦው ላይ የጀመረችው። ‹ቲሞሌዎን ዓይን አለው፣ ልብ ብሎ ካየ ራሱ ይደርስበታል፤ እኔ መሐላ አላፈርስኩም› አለች። በየገናው ማግስት እመጣና ‹አየ?› እላታለሁ።»

ቲሞሌዎን አልጠየቃትም። መልሱን ያውቀዋል።

«‹በላው› ትለኛለች» አለች ጋሩፋሊያ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ይሰማ ነበር፤ በጥርስ ስላኘኩት ግን የተነገረ ተረት የለም። ቲሞሌዎን ድንጋዩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ። ለድቧ አይደለም። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እጇን ዱቄት አስነክታ፣ የሠራችውን ገበታ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቱን እያየች ለጠበቀች ሴት ነው።

ከግንቡ ውጪ አባ ሳራንዶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ ጨረሳችሁ ወይ? በረደኝ!»

ጋሩፋሊያ ጠርሙሱን ወደ ታች ዘረጋችለት። «አንተ የመንግሥት ሰው ነበርክ፤ የምታደርገውን ታውቃለህ። እኔ አልለምንህም። ግን ለቢሮው ከመጻፍህ በፊት እኔ የት እንደምቀበር ንገረኝ። እዚህ፣ ከእሷ ቀጥሎ ነበር ያሰብኩት።»

ቲሞሌዎን ጠርሙሱን ተቀበለ። ጥቂት ጠብታ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰ። ከዚያ አካፋውን አነሳና አፈሩን መለሰ። ከወጣ በኋላ ጋሩፋሊያ አስማለችው፤ በእናቱ፣ በዲያማንቶ አጥንት። አፉን አስማለችው።

በጋው አልፎ መጸው ሲገባ መሳቢያው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ሰላም ነሳው። በቀን ሦስት ጊዜ ያወጣዋል። መሐላው መሐላ ነው፤ ግን «ሌላ ምንም የለም» የሚለው መስመርም አለ። ያ መጽሐፍ ዛሬም በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሏል። ቲሞሌዎን ሲሞት የሚያስተካክለው ማንም አይኖርም። አንድ ቀን ወረቀት ዘርግቶ፣ አፌ እንጂ እጄ አልማለም ብሎ፣ ድቧን ከነልጇ ሳላት። ሲጨርስ ራቅ አድርጎ አየው። መዳፉ አልመጣለትም። የዲያማንቶ ሊጥ የበለጠ ድንጋዩን ይመስል ነበር። ፖስታ አዘጋጅቶ አድራሻውን ጻፈ፤ ወረቀቱን ግን ውስጡ አላስገባውም። እንደዚያው ሁለት ወር ጠረጴዛው ላይ ከረመ።

ቡና ቤት ሲገባ ሊኩርጎስ እንደ ልማዱ «እህ፣ የድቧ ባል! ተገኘች?» ይለዋል። የአገሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል። አንድ ቃል ቢናገር የስልሳ ዓመት ሳቃቸውን ጉሮሯቸው ላይ ያስቀረው ነበር። «ገና ነኝ» ይላል። እሑድ እሑድም እንደ ድሮው በትሩን ይዞ ይወጣል፤ ባይወጣ ይነቁበታል።

ገና ሲደርስ ዱቄት ይዞ ጋሩፋሊያ ዘንድ ሄደ። «ሊጥ አስተምሪኝ» አላት። አሮጊቷ ሥራዋን አቁማ አየችው፤ እጅጌውን ጠቀለለችለት። ድቧን የሳለበትን ወረቀት የሊጥ ሰሌዳው ላይ ዘረጋ፣ ዱቄት ነሰነሰበት፣ በላዩ ላይ ሊጡን እየቆራረሰ እንስሳውን ሠራ። ወረቀቱ ዘይትና እርሾ ጠጥቶ ከሊጡ ጋር ተጣበቀ፤ ሲልጡት ተቀዳደደ። «ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተችው» አላት። ፖስታውንም ጨመረበት።

በገና ዕለት ሊኩርጎስ አረቄ ይዞ እንኳን አደረሰህ ሊለው መጣ። የዕድሜ ልክ አሿፊው ቢሆንም ብቻውን በዓል እንዲውል አይተወውም። ቲሞሌዎን ዳቦውን ገበታው መካከል አስቀመጠው፤ ቅርጹ ያለበትን በኩል ወደ እንግዳው አዞረለት። እንስሳዋ ቂጧ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን አንስታ፣ ልጇን ይዛ በሊኩርጎስ ፊት ነበረች።

ሊኩርጎስ አጎንብሶ አየ። ቲሞሌዎን ፊቱን ተመለከተው። የእንግዳው ዓይን ልጁ ላይ አረፈ፤ አለፈው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ቢል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሊኩርጎስ። «አሳማ ነው?»

ዲያማንቶ ሠላሳ ስምንት ጊዜ የተቀመጠችው እዚሁ፣ ቲሞሌዎን አሁን በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነበር።

«አሳማ ነች» አለ ቲሞሌዎን፤ ቢላውንም አቀበለው። «ብላ እንግዲህ።»